ሌንሱን የነካ ጣት

የሚልክያስ ጌም ቤት ሶዶ መናኸሪያ ጀርባ ነው። ገና በሩ ላይ ሰውን የሚቀበለው የካልሲና የላብ ሽታ ነው። ጆይስቲኮቹ እጅ ላይ ይጣበቃሉ፤ ማን ምን በልቶ እንደነካቸው ባያስቡት ይሻላል። ሚልክያስ ራሱ ይጸየፋቸዋል፤ ግን እንጀራው ናቸው።

ቤቱን ያቆመችው አንዲት አሮጌ የጌም ማሽን ናት። አዳዲሶቹ ሌላ ሰፈር ሞልተዋል። ትልልቆቹ ሰዎች ግን በልጅነታቸው የተጫወቱትን የድሮውን የኳስ ጌም ፍለጋ ወደ እሱ ይመጣሉ፤ የዚያ ጌም ሲዲ ደግሞ እሷ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

አንድ ቀን ማሽኗ ሲዲ አላነብም አለች። ጠጋኙ ቦሼ መጥቶ ብሎኗን ፈታና ከውስጧ የደረቀ በረሮ በወረንጦ አወጣ። እግሮቹ ተቆራርጠው ማርሹ ውስጥ ቀርተው ነበር። ሚልክያስ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ።

ሚስቱ አስካለች ምሳ ይዛለት መጥታ ቆማ ታይ ነበር። በቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድኑን የምትመራው እሷ ናት።

«ችግሯ የቱ ጋ ነው?» አለች።

ቦሼ የላዩን ክዳን ከፍቶ ትንሿን ብርጭቆ አሳያት። «እዚህ ጋ። ሌንሱ ደክሟል። ለጊዜው ጠርጌዋለሁ፤ አሁን ታነባለች።»

አስካለች ጎንበስ ብላ ደህና አድርጋ አየችው። ባሏ ስንት ሌሊት በጭንቀት እንደሚገላበጥ ታውቃለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ወደ ቢሮ ስትሄድ ጎራ እያለች ሥራውን በጸሎት ታስጀምርለታለች። ሚልክያስ ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን» ይላል፤ እሷ ትሄዳለች፤ እሱም ቤቱን ይከፍታል።

ማሽኗ ግን ብዙም ሳትቆይ እንደገና እምቢ አለች። ቦሼ ሲያያት ሌንሱ ላይ ቢጫ ቅባት ተለጥፏል። አቧራና አንዲት ጥቁር ፀጉር ይዟል።

«በረሮ አይደለም ይሄ» አለ ቦሼ። «ሰው በጣቱ ነክቶታል።»

ሚልክያስ የወዛ ግንባሩን በእጅጌው ጠርጎ ቦሼ ቅባቱን የጠረገበትን ጥጥ አሸተተ። አሽቀንጥሮ ጣለው።

ጣቱን ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ዘበኛው ዳልጮ የሚያድሩት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ሽማግሌው እህታቸው ከበዴሳ የምትልክላቸውን ቅቤ የበቆሎ ቂጣ ላይ ይለድፋሉ፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ ይልሱና የተረፈውን መጋረጃው ላይ ይጠርጋሉ። የመጋረጃው ጠርዝ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ደርቋል። ማየቱ ራሱ ያንገሸግሻል።

«አባባ ዳልጮ፣ ማታ ማታ ማሽኗን ይነካካሉ አይደል?»

«እኔ? ኧረ ልጄ! ማሽኑ ሲበራ እንኳ እኔ እፈራለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ቅባት ከየት መጣ?»

«ቅቤ በልቻለሁ። ማሽን አልነካሁም።»

ሚልክያስ ሳሙና ገዝቶ ዓይኑ እያየ እጃቸውን አስታጠባቸው። ከጥፍራቸው ሥር የወጣውን ጥቁር ውሃ ሲያይ ምሳውን መብላት አቃተው። ማታ ደግሞ ማሽኗን በላስቲክ ጠቅልሎ በገመድ አሰራት። ጠዋት ሲመጣ ቋጠሮው እንዳሰረው ነበር። ፈታት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት፤ አስካለች መጥታ ጸልያ ሄደች። የመጀመሪያው ደንበኛ ሲዲ ሲያስገባ ማሽኗ አንዴ አጓርታ ዝም አለች።

ቦሼ መጥቶ ሲከፍታት ሌንሱ እንደገና ወዝቷል።

«ቋጠሮውን አስመስለው መልሰው አስረውታል» አለ ሚልክያስ ጥርሱን ነክሶ። «ተንኮሉ ደግሞ!»

ቦሼ ትከሻውን ሰበቀ። «አዲስ ሌንስ አስገባልሃለሁ። ይሄ ጣት ካልራቀ ግን እኔን አትጥራኝ።»

ቅዳሜ የድሮው ኳስ ውድድር ነበር። ሚልክያስ አርብ ማታ ዳልጮን ጠራቸው።

«ዕቃዎን ይያዙ፣ አባባ። በቃ።»

«የት ልሂድ?» አሉ ዳልጮ። «እህቴ ቤት ልጆቿ ራሱ መሬት ነው የሚተኙት። ከዚህ ሌላ ማደሪያ የለኝም ልጄ። እግዜር ያውቃል፣ አልነካሁም።»

ሚልክያስ ትንፋሻቸው ቅቤ ቅቤ ስላለው ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣጥፈው ፌስታል ውስጥ ከተቱ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በኮታቸው ጫፍ ደህና አድርገው ወልውለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። የበዴሳው የመጨረሻ ሚኒባስ ይኑር አይኑር ማንም አልጠየቀላቸውም።

ሚልክያስ መጋረጃውን አውጥቶ አቃጠለው። ወለሉን በበረኪና ፈተገ፤ ዳልጮ ይተኙበት የነበረውን ጥግ ሁለቴ። ቦሼ አዲሱን ሌንስ አስገባ። ማሽኗ ሲዲውን ወዲያው አነበበች፤ የኳሱ ጭብጨባ ቤቱን ሞላው። ሚልክያስ ያን ሌሊት እዚያው፣ ማሽኗ አጠገብ አደረ። ማንም ዝር አላለም።

ጠዋት አስካለች ስትገባ አየሩን ሳብ አደረገች።

«ዛሬስ ቤቱ ጸዳ!»

«ሰውየው ሄዱ። ጣታቸውን ተገላገልኩ።»

«ማሽኗስ?»

«አዲስ ሌንስ ገባላት። ዛሬ ብቻ እንዳታሳፍረኝ ጸልይልኝ።»

«ጌታ አያሳፍርህም» አለችና ቦርሳዋን ከፈተች። ሚልክያስ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ።

አስካለች እየጸለየች የማሽኗን ክዳን ብድግ አደረገች፤ ከቦርሳዋ ያወጣችው የጸሎት ዘይት ውስጥ ጣቷን ነከረችና እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ሌንሱን፣ ቀጥላ የባሏን ግንባር ቀባች።