የአሥር ሰዓቱ ስብሰባ

ባሕር ማዶ የተማርኩትን ትምህርት ይዤ ተመልሼ የምሠራው የስብሰባ ሰዓት ማመቻቸት ነው። እዚያ ያሉት ደንበኞቻችን በሰባት ሰዓት ይቀድሙናል። የዛሬውን የቪዲዮ ስብሰባ በሐበሻ አቆጣጠር በእነሱ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ብለው ልከውልኝ፣ ሰባቱን ቀንሼ ሦስት ሰዓት ማለት ሲገባኝ እንዳለ አሥር ብዬ መዘገብኩት።

“ምሁሩ፣ እዚያ መቀነስ አያስተምሩም እንዴ?” አለች ፀሐፊዋ። “አለቃ ሳያየው ቶሎ አስተካክል። ሦስተኛ ስህተትህ ነው፤ ዛሬስ ያባርርሃል።”

ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ላስተካክለው ስብሰባውን ኮምፒውተሬ ላይ ስከፍተው አንድ ሰው ቀድሞ ገብቷል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የእኛው ቢሮ ነው፤ የግድግዳው ሰዓት ግን አሥር ይላል። ወንበሬ ላይ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ዝንቦች ከከንፈሩ እየተነሱ ምላሱ ላይ ያርፋሉ። ለሃጩ ክራቫቱ ላይ ደርቋል።

“ኤጭ፣ ምን ዓይነት ቆሻሻ ሰው ነው? እሽ እንኳ አይላቸውም?”

ፀሐፊዋ በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ ስክሪኑን አየች፤ ቀጥላ አንገቴን አየች።

“ክራቫቱ ያንተ ነው” አለች ቀስ ብላ።

ከንፈሬ ላይ ዝንብ አረፈች።

“እሽ በላት እንጂ” አለች ፀሐፊዋ።

እጄ አልነሳ አለኝ።