የሲሚንቶ ሻጮች ሰርግ

መርማሪዋ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ እጇ የገቡትን የሲሚንቶ ሻጮቹን ደብዳቤዎች እንደገና አገላበጠች። ከድንበር ማዶ ካሉ ሻጮች ጋር ተመሳጥረው ዋጋ እንደሚሰቅሉ ብታውቅም፣ ወረቀቱ የሚለው «ሰርጉ የፊታችን ሐሙስ፣ ድንበሩ አጠገብ ባለው ሆቴል ነው» ብቻ ነበር። ሰርግ ደግሶ ማን ይከሰሳል?

ከድንበሩ ማዶ ያለው መርማሪ በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲያንኮሻኩሽ ተሰማት። «እህቴ፣ የእኛዎቹ ሲሚንቶ ሻጮች ስለ ሰርግ የጻፉት ነገር የለም» አላት። የሁለት ዓመት ልፋቷ ገደል ሲገባ ታያት፤ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ምን ጻፉ?»

«ለቅሶ። የፊታችን ሐሙስ፣ እዚያው ሆቴል።»

ሳቋ አመለጣት። እስክሪብቶዋን መልሳ አንስታ በቀን መቁጠሪያው ላይ ሐሙስን ከበበችው።

«በል እንግዲህ ወንድሜ፣ እናንተ ለቅሶ ድረሱ፤ እኛም ሳንጠራ ሰርጉን እናደምቃለን።»