የራይ ውስኪ በመዳፍ

አባቷ እጁን ሲዘረጋ ማርላ በችኮላ ብርጭቆውን አስያዘችው።

«ብርጭቆ ማን ጠየቀሽ? እዚህ አፍስሺልኝ» አለና መዳፉን ከፈተ።

ከበርሜሉ የቀዳችውን፣ ራይ ከሚባለው እህል የተጠመቀ ውስኪ ጠብ አደረገችለት። ራሷ ጠምቃ በርሜል ውስጥ ካስቀመጠችው ጀምሮ ይህን ቀን አራት ዓመት ጠብቃለች። በዚያ የፔንሲልቬንያ ሸለቆ ባለው ውስኪ ማውጫቸው፣ እሱ አሽትቶ በጠመኔ «ደርሷል» ብሎ ከነስሙ ካልጻፈበት በርሜል ወደ ጠርሙስ አይገለበጥም። መዳፎቹን እንደ ልማዱ አሻሽቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ራዩ የታለ? በቆሎ ነው የጠመቅሽው እንዴ? ይሄ ለሕፃን በጡጦ የሚሰጥ ነው።»

ከቆመችበት ሆና እንኳ ከራዩ የሚመጣው የቁንዶ በርበሬ ሽታ አፍንጫዋን ይነዝራት ነበር። ቀመሰችው፤ ምላሷን ቆንጥጦ፣ እንደ ተጠበሰ የራይ ዳቦ ቅርፊት ደረቅ ብሎ ወረደ።

«እስቲ እንደገና አሽትተው፣ አባዬ። ቁንዶ በርበሬው ያስነጥሳል እኮ።»

«ቢኖር ይሸተኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ?»

ቢሆንም መዳፉን እንደገና አሸ። ቆየት ብሎ የትምባሆ ከረጢቱን ከኪሱ አወጣና ፈትቶ አሸተተው። ደግሞ አሸተተው።

«ይሄም አይሸትም» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ማርላ ጠመኔውን ከደረት ኪሱ አውጥታ በርሜሉ ላይ «ደርሷል» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም የእሱን ስም።