አረንጓዴው አምባር

የአስካለ የጡት ካንሰር መድኃኒት በደም ሥሯ የሚወርደው የእጇ አምባር አረንጓዴ ሲሆን ብቻ ነው። ከፈራች ወይም ካዘነች አምባሩ ይቀላና ጠብታው ይቆማል። ስለዚህ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ሳሎኗ ውስጥ ምንጣፍ ላይ እግሯን አጣጥፋ ዮጋ ትሠራለች፤ ክፉ ወሬም በቤቱ ደጅ አያልፍም።

ዛሬ የምታግዛት ማለዳ ከእናታቸው ቤት ከደሴ የገባችው ታላቅ እህቷ ዘርፌ ናት።

«ወደ ውስጥ ሳቢ... ቀስ ብለሽ ልቀቂ።»

«እትዬ፣ እማዬ ምነው ድምጿ ጠፋ?»

«ስልኳ ተበላሽቶ ነው። ተንፍሺ እንጂ!»

አስካለ ቀና አለች። ዘርፌ የአበባ ቀሚስ ለብሳለች፤ ኩልም ተኩላለች። ነጠላዋን ግን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃዋለች። እጇ ለምዶባት ልብ አላለችውም።

አምባሩ ቀላ። ጠብታው ቆመ።

«ምን ሆንሽብኝ?» ዘርፌ ጮኸች።

«ምንም።»

አስካለ ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿን ሳበች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ሳበች። አምባሩ እንደ ምንም አረንጓዴ ሆነ፤ ጠብታውም መውረድ ጀመረ።

«እንዲያ ነው የኔ ጎበዝ! በይ አሁን ዓይንሽን ግለጪ።»

አልገለጠችም። ከገለጠች ነጠላውን ታየዋለች፤ ካየችው ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ትሞታለች።