ሸክም የሌለባት ግድግዳ

ቱንቢው ከግድግዳው አናት ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። አናጢው ተንበርክኮ ክሩን በሁለት ጣቱ ያረጋጋዋል፤ ከዚያ ከሹሉ ጫፍ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋል። ነፋሱ መጥቶ ቤቱን ይገፋል። የቱንቢው ጫፍ ነጥቡን ለቆ የጣት ስፋት ያህል ይሄድና ነፋሱ ጋብ ሲል ቀስ ብሎ ይመለሳል።

«ምን እያደረግክ ነው?» ትላለች ሚስቱ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በፎጣ እየወተፈች።

«ምንም። ልኩን እያየሁ ነው።»

«አሁን? በዚህ ነፋስ?»

ዓይኑን ከክሩ አያነሳም። ሰፈሩ እሱን ራሱን ቱንቢ እያለ ነው የሚጠራው፤ ሥራው አይንጋደድማ! ይህን የእንጨት ቤትም ከመሠረቱ እስከ ጣራው በገዛ እጁ ነው ያቆመው። የጣራውን ወራጆች ከግድግዳው ጋር በጠፍጣፋ ብረት ጠፍንጎ፣ «የኔን ጣራ ነፋስ አይነቅለውም!» እያለ ስንቱ ፊት ፎክሯል። እውነቱን ነው፣ አይነቅለውም። ጣራው ግን የተገፋውን ግፊት ሁሉ ለግድግዳዎቹ ነው የሚያስረክበው፤ እነሱም የሚይዛቸው ካጡ አብረውት ይጋደማሉ። መሐል ላይ ቀጥ አድርጋ የምትይዛቸው አንዲት ግድግዳ ነበረች።

እሷን ደግሞ ባለፈው ወር ራሱ አፈረሳት።

«ከግድግዳ ጋር እስከ መቼ ላውራ?» ብለውት ነበር እናቱ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከጓዳ አይወጡም ነበር። ሰው ሲፈልጉ ከሳሎን የምትለያቸውን ግድግዳ በከዘራቸው ይደበድባሉ፤ ከሳሎን ሳቅ ሲሰሙ «ምንድነው? እኔም ልሳቅ እንጂ!» ብለው ይጮኹ ነበር። አንጀቱን በሉት። ኮርኒሱን ገልጦ አየ፤ ወራጆቹ እሷ ላይ አላረፉም። «ሸክም የለባትም» አለ። ለእሱ ሸክም ማለት ከላይ ወደ ታች የሚመጣው ብቻ ነበር፤ ከጎን የሚመጣውን ማን አሰበው? ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የተመቱትን ጣውላዎቿን ነቅሎ፣ ቆራርጦ፣ ለእናቱ አዲስ አልጋ ሠራባቸው። ያን ቀን የመረቁት ምርቃት!

ወይ ነዶ! ምነው ያኔ እጁን በቆረጠው።

እናቱ ይኸው፣ በሰፋው ሳሎን መሐል ትራስ ተደግፈው ጣራውን ያዳምጣሉ። «ይሄ ነፋስ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የወጣው» ይላሉ። «ካልሆነማ እንዲህ አይሆንም።»

ቤቱ ያቃስታል። ቱንቢው አሁን ሁለት ጣት ይሄዳል። አናጢው ተነስቶ በሩን ይስባል፤ በሩ አይነቃነቅም። መቃኑ ተጣሞ ጨብጦታል። ነፋሱ ጋብ ሲል ግን ፈታ ይላል፤ ከፍቶ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። ከየት እንደተነቀለ የማይታወቅ ቆርቆሮ መንገዱን እየቧጠጠ መጥቶ የመብራት ምሰሶው ላይ ይጠመጠማል። በሩን መልሶ ይዘጋዋል።

«እንውጣ» ይላል በሹክሹክታ። «እማዬን ልሸከማት።»

ሚስቱ ፊቱን ታያለች፣ ከዚያ ቱንቢውን፣ ከዚያ ነጥቡን። የአናጢ ሚስት ናት፤ አይነገራትም። «በዚህ ቆርቆሮ መሐል?» ትላለች። «ስናገላብጣቸው እንኳ ነፍሳቸው ልትወጣ ነው የምትደርሰው።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አናጢው አንተ!» ይህን የምትለው ልትወቅሰው አይደለም፤ ቢጨንቃት ነው።

መዶሻ አለው። ሚስማር ሞልቶታል። ጣውላውም ያውና፣ እናቱ ተኝተውበታል። እሳቸውን ወለል ላይ አውርዶ ቢነቅለውስ? ለአልጋ ተብሎ አጥሯል፤ ከጥግ ጥግ አይደርስም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ይፈራል። ሌላ የሚያደርገው ስለሌለው ሄዶ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ግድግዳ በጀርባው ይደግፋል፣ ሁለት እግሮቹንም ወለሉ ላይ ይተክላል።

«አንተ ልጅ!» ይላሉ እናቱ። «ምን ሆነህ ነው እዚያ የተለጠፍከው? ና እዚህ አጠገቤ ቁጭ በል። ግድግዳው እንደሆነ የትም አይሄድብህ!» በገዛ ቀልዳቸው እየሳቁ ያስላቸዋል።

«መጣሁ እማዬ» ይላል። አይመጣም።

ሚስቱ ፎጣውን ትጥልና ከጎኑ መጥታ ጀርባዋን ታስጠጋለች። ትከሻው ትከሻዋን ይነካል። ግድግዳው ከጀርባቸው ገባ ወጣ ይላል።

ከዚያ ትልቁ ነፋስ ይመጣል። ሚስማሮቹ እንጨቱ ውስጥ ሲጢጥ ይላሉ፣ ከኮርኒሱ አቧራ ይረግፋል፣ ሁለቱም የተከሉት እግር ወለሉ ላይ ወደፊት ይንሸራተታል። ሚስቱ እጁን ትይዛለች። እናቱ «ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» ይላሉ፤ አሁን አይስቁም።

ነፋሱ በአንድ ጊዜ ጭጭ ይላል።

«አለፈ፣ ተመስገን!» እናቱ አቧራውን ከብርድ ልብሳቸው ላይ ያራግፋሉ። «የልጄ ቤት! ብዬ አልነበር? አለፈ፣ አይደል ልጄ?»

ሚስቱ ሮጣ በሩን ትስባለች። ነፋስ የለም፤ በሩ ግን አይላቀቅም። በሁለት እጇ ትስባለች፣ እግሯን መቃኑ ላይ አድርጋ ትስባለች፣ ከዚያ ትተወውና ዞራ ባሏን ታያለች።

እሱ ቱንቢውን እያየ ነው። ክሩ ቀጥ ብሏል፤ አይወዛወዝም፣ ወደ ነጥቡም አይመለስም። የእርሳሱ ነጥብ ከጫፉ አንድ መዳፍ ርቆ ወለሉ ላይ ብቻውን ቀርቷል። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ዛፎች እንደገና መጮኽ ይጀምራሉ።