አሥራ ስምንቱ ዘንጎች

«በዓይንህ ቁጠር እንጂ በእጅህ አትንካ።» ዋና ጠባቂው ይህን ደንብ የተማሩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ያስተማሯቸው አለቃ በቃል ብቻ አልተወሰኑም፤ አንዲት ቅጠል በጣቱ ዳሰሰ ብለው ወር ሙሉ መጥረጊያ አስይዘዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ባለፉት አርባ አንድ ዓመታት፣ በአትክልት ስፍራው መካከል በብረት አጥር የተከበበውን ቁጥቋጦ አንድ ቀን እንኳ ነክተውት አያውቁም።

ቁጥቋጦው የናናና የበሶብላ ወገን የሆነ አገር በቀል ተክል ነው፤ ዘንጉ አራት ማዕዘን፣ አበባው ወይን ጠጅ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። በዱር ከጠፋ ቆይቷል። የአትክልት ስፍራው እስከ ዛሬ ሳይፈርስ የቆየውም በእሱ ምክንያት ነበር። ቁጥቋጦው በሕይወት እስካለ ድረስ ቦታው አይነካም፤ የሞተ ዕለት ግን የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ጎልማሳው ሥራ አስኪያጅ ያን ዕለት እንደ ሠርጉ ቀን ይናፍቀዋል እየተባለ ይታማል።

ዋና ጠባቂው ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ቆመው የአበባ ዘንጎቹን ይቆጥራሉ። አሥራ ስምንት ነበሩ። ዘንድሮ ግን ቁጥሩ አልጨበጥ አለ፤ ሰኞ አሥራ አራት፣ ማክሰኞ አሥራ ስምንት፣ ዐርብ አሥራ አምስት። ቁመቱም ከዓምና ወዲህ አንዲት ጣት አልጨመረም። አበባው ብቻ ወቅቱ አልፎ እንኳ አልረገፈም።

«ሌባ ገብቷል» አሉ ለራሳቸው።

ወደ አጥሩ ውስጥ እንድትገባ የተፈቀደላት አንዲት አትክልተኛ ብቻ ነበረች። የሟች እህታቸው ልጅ ናት፤ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሥራ ቦታ «ጋሼ» ካለቻቸው ግን ፊታቸውን ያጠቁራሉ። «እዚህ ዝምድና የለም፤ ኀላፊ በይ» ይሏታል። ዓምና ይህችው ልጅ፣ አፈሩ ጤና የለውምና ይቀየር ብላ ሁለት ጊዜ አመለከተች፤ ሁለት ጊዜም ከለከሏት። አፈሩን መቆፈር ደንቡ አይፈቅድም።

የበሩን ዘበኛ አስጠሩት። ሰው ሁሉ ፊሽካ ይለዋል፤ አፉ አያርፍምና።

«ቦርሳዋን ትፈትሻለህ?»

«ስትወጣ እንዴታ! የሚገባውንማ ፈትሽ ያለኝ የለም። ስትወጣ ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ አንድ እርጥብ ጨርቅ ብቻ።»

«ባዶ?»

«ባዶ! ሽታው ግን አይጣል ነው ኀላፊ። ስትገባም ስትወጣም ቁጥቋጦው ራሱ በእግሩ የሚሄድ ነው የሚመስለው።»

«ሽታውማ ልብሷ ላይ ሰርጾ ነው። እንግዲያው በአጥር ላይ ትወረውራለች ማለት ነው።»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ ያ ሽቶ ሻጭ ከጓሮ በኩል ሱቅ ከከፈተ ወዲህ…»

«በቃህ። ገብቶኛል።»

ረቡዕ ማለዳ ቀድመው ገብተው ከአንድ ግንድ ጀርባ ቆሙ። ልጅቷ መጣች፤ ግራ ቀኙን አየች፤ አጥሩን ከፍታ ተንበረከከችና መቀስ አወጣች። ሲደርሱባት አራት ዘንጎች በእጇ ይዛለች፤ ጤዛቸው ገና አልደረቀም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጋሼ…»

«ኀላፊ በይ!»

«ኀላፊ፣ ለብቻችን ላስረዳዎት። ቤቴ እንነጋገር፤ ጓሮዬ ያበቀልኩትን ላሳይዎት።»

«የሥራ ነገር ቤት አይገባም። የምትዪውን ሥራ አስኪያጁ ባሉበት ትዪዋለሽ።»

አራቱ ዘንጎች በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተጋደሙ።

«ማነው የቆረጣቸው?» ሲሉ ዋና ጠባቂው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ።»

«ከየት?»

ልጅቷ ሥራ አስኪያጁን አየች፤ ቀጥሎ አጎቷን አየች።

«ለመሆኑ ቁጥቋጦው እንዴት ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ።

«ደህና ነው» አለች ቶሎ ብላ። «ከደህናም ደህና ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ቅር እንዳለው ሰው ትከሻውን ነቀነቀ። «እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ይበቃት ይሆን? የእርስዎው ልጅ አይደለች?»

«ደንቡ ዘመድ አያውቅም» አሉ ሽማግሌው። የስንብቱን ደብዳቤ በገዛ እጃቸው ጻፉት። ጽሕፈታቸው እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር።

ልጅቷ ፈረመች። መቀሱንና የአጥሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ጋሼ» አለች፤ በዚህ ጊዜ አላረሟትም። «ሥራው ይቅርብኝ። በየሦስት ቀኑ ብቻ ልግባ፤ ለአንድ አፍታ።»

«አንድ ጊዜ እንኳ አትገቢም። ቅጣት ቅጣት ነው።»

በአምስተኛው ቀን የቀሩት አሥራ አራት ዘንጎችም አንገታቸውን ደፉ፤ ሽማግሌው አጥሩን ከፍተው አንዱን ሳብ ቢያደርጉት፣ ሥር የሌለው፣ ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ ዘንግ፣ አፈሩ ውስጥ ከተቀበረና ውሃው ካለቀ የመድኃኒት ጠርሙስ ተመዞ እጃቸው ላይ ቀረ።