አቧራ የማያውቀው መኪና

ቬንደሊን መኪናውን የሚያጥበው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ደግሞ አቧራ አያስነካውም። ጠዋት ጠዋት ሰው ጸሎቱን እንደሚያደርስ ከቤቱ ጎን ያለው ጋራዡ ይገባና፣ ሰም የጠጣውን የጥጥ መጥረጊያ ከምስማሩ አውርዶ፣ ከጣሪያው ወደ ታች ቀስ እያለ ይዳብሰዋል። መጫን ነውር ነው፤ አቧራ ከተጫኑት ቀለም ይጭራል። እሱ ደግሞ ሚስቱን እንጂ መኪናውን ተጭኖ አያውቅም። የሚነዳውም ለእሁድ ቤተ ክርስቲያንና ለቀብር ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ እግር አለው።

ሚስቱ ሮስቪታ አጭር ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ሹራብ ትሠራለች። በልጅነቷ የአባቷን ትራክተር ትነዳ ነበር አሉ። አንድ ቀን እንግዶች ቤት ሞልተው ሳለ፣ "እስቲ እኔም ገበያ ድረስ ልንዳው" አለችው።

"እግርሽ ፔዳሉ ጋ አይደርስም" አላት። "ደግሞስ የጣትሽን አሻራ ማን ይወለውላል?"

እንግዶቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰውየው ሌላም ነገር ነበረው። ዳቦ ቤት የምትሠራ ማርሊስ የምትባል ሴት። ከፋሲካ በኋላ በዚሁ መኪና ጠቅልለው ሊሄዱ ተማምለዋል። በስተርጅና ያገኛት ደስታው እሷ ብቻ ናት። ሮስቪታ አታውቅም፤ እሱ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ማርሊስ ጎህ ሲቀድ ምድጃ ልታቀጣጥል ጠባቡን ድልድይ በእግሯ ትሻገራለች። እሱ ያን ሰዓት ገና ያንኮራፋል።

በመጋቢት ከደቡብ ነፋስ መጣና ያ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው የሰሃራ ቀይ አቧራ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። ሲነጋ ደጅ ያደረ መኪና ሁሉ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሏል። ቬንደሊን በጎረቤቶቹ እየሳቀ ጋራዡን ከፈተ። ሳቁ እዚያው ደረቀ። የሱም መኪና ቀልቷል።

"አንቺ ሴትዮ፣ በሩን ከፍተሽው አደርሽ?"

"እንጃ፣ ማታ ድንች ላወጣ ገብቼ ነበር" አለች ሮስቪታ፣ ከሹራቧ ቀና ሳትል። "ነፋስ ነው። ጥረገው እንጂ፤ ብታፈጥበት በራሱ አይሄድ።"

የሰሃራ አቧራ እንደ ተፈጨ ጠርሙስ ነው፣ በደረቁ አይነካም። መጀመሪያ ውሃ ረጨበት። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ፣ ጨርቁን እያገላበጠ፣ ቀስ አድርጎ አነሳው። የፊት መከላከያው ላይ አንዲት ቢጫ የሱፍ ክር ተለጥፋ አገኘ። "ሹራቧን እዚህ ድረስ ትበትናለች" ብሎ አጉረመረመና ከእድፉ ውሃ ጋር ደፋት። ሲጨርስ ቀለሙ ላይ ፊቱ ይታየው ነበር።

ወሬው የመጣው ባልዲውን ሳያደርቅ ነው። ማርሊስ ድልድዩ ሥር ሞታ ተገኘች። መኪና ገፍቷት፣ ከዝቅተኛው አጥር ላይ ተገልብጣ ድንጋዩ ላይ ወድቃ። የገፋትም አልቆመም።

ቬንደሊን በሰው ፊት ማልቀስ አይችልም። ጋራዥ ገብቶ መጥረጊያውን አፉ ላይ ተጭኖ አለቀሰ። ያን ሰው ሳላሳስር እንቅልፍ አይወስደኝም ብሎ ማለ።

ፖሊሱ ኩኖ ቤት ለቤት ዞረ። "የገፋት መኪና አቧራው የሆነ ቦታ ላይ ተጠርጓል" ይላል። "እሱን ነው የምፈልገው።" የቬንደሊን ጋራዥ ጋ ሲደርስ ብቻ አንገቱን አስግጎ ተመለሰ። "የእርስዎን ደግሞ ምን አየዋለሁ፣ አቧራ አያውቅ።"

"ማዶ እይ" አለው ቬንደሊን።

ማዶ ያለው ኦትማር ነው፤ ብቻውን ከድመቱ ጋር የሚኖር። መኪናው ከዝናብ በቀር ውሃ ነክቶት አያውቅም። ቬንደሊንን ባየው ቁጥር፣ "የመኪና ሞግዚት፣ ልጅህ ጡት ጠባ?" ይለዋል። ሄደው ሲያዩ የመኪናው ፊት ላይ አቧራው ተጠርጎ ቀለሙ ወጥቷል።

"ድመቴ ናት" አለ ኦትማር። "እዚያ ላይ ነው የምትጋደመው።"

"ድመትህ ደግሞ መኪና መጥረግ ጀመረች?" አለ ቬንደሊን። ከዚያ ወደ ኩኖ ዞረ። "ጎህ ሳይቀድ ነድቶ ሲወጣ በመስኮት አይቼዋለሁ።"

አላየም። ያን ሰዓት ያንኮራፋል፣ ነግሬያችኋለሁ። ግን ልቡ አውቆታል፤ ልቡ ያወቀውን ዓይኑ ቢያይ ምን ነውር አለው።

"ቬንደሊን፣ እስቲ እኔን አይተህ ተናገር" አለ ኦትማር። አላየውም። ወሰዱት። ድመቷ ደጃፉ ላይ ስትጮህ ሰነበተች፤ የገዳይ ድመት ብለው ማንም ቁራሽ አልወረወረላት። አንድ ጠዋት ጩኸቱ ቀረ።

ኦትማር የተወሰደ ዕለት ማታ ሮስቪታ ለባሏ ሾርባ ቀዳችለት። "ጥሩ መሰከርክ አሉ።"

"ያየሁትን ነው የተናገርኩት።"

"አውቃለሁ" አለች። "አንተ አንዲት ነገር አታመልጥህም። ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ የማርሊስን ፎቶ ሰቀሉ፤ ያቺን ክረምት ከበጋ የማትለያትን ቢጫ የሱፍ ቆቧን እንዳደረገች። ቬንደሊን ፊት ለፊቱ ቆሞ ብዙ አየው። ቀና ብሎ ሊቀብራት ነው፤ ደሟን አስመልሷል። ይቺን እያሰበ ትንሽ ቀለለው።

የቀብሩ ዕለት ጥቁር ልብሱን ለበሰ። መኪናውን እንደ ልማዱ ዳበሰና መጥረጊያውን ምስማሩ ላይ ሰቀለ። ሮስቪታ ከኋላው መጥታ ኮቱ ላይ የተለጠፈ ክር ለቀመችለት።

"ቀስ ብለህ ግባ" አለችው።

በሩን ከፍቶ ሊቀመጥ ሲል ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተላተመ፤ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቦ ነበር።